ስለ ቀይ የደም ሴል የዘገየ መልስ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ የቀረሁት በስንፍና ብቻ ሳይሆን በእልኸኝነትም ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ «የታይሮይድ ሆርሞን ሥራው ሁሉ የሴሉ እምብርት የሆነው ኒውክለስ ገብቶ ጂን ማዘዝ ከሆነ፣ ኒውክለስ የሌለው ቀይ የደም ሴል እንዴት ይታዘዝለታል?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ መልስ ሳጣ ዝም አልኩ።

እውነቱ ካንተ ጋር ነበር። ባለ ሦስት አዮዲኑ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ቲ3፣ ኒውክለስ ውስጥ ካለው ተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ጂኖችን እንደሚያዝ የተማርነው አልተሻረም፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ የጂኑ ትእዛዝ ተገልብጦ አዲስ ፕሮቲን እስኪሠራ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ። በሰው ቀይ የደም ሴል ሽፋን ላይ ግን ሆርሞኑ ካልሲየምን ወደ ውጭ የሚገፋውን ፓምፕ ያበረታዋል፤ እዚያ የሚነበብ ጂን ስለሌለ ክርክራችን በዚሁ ማብቃት ነበረበት።

ኒውክለስ ያላቸው ሴሎችም ሌላ በር አላቸው። ሴልን ከአካባቢው ጋር የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ ኢንተግሪን አልፋቪ ቤታ3፣ የሆርሞኑ ተቀባይ ጭምር መሆኑ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ የሚገርመው፣ እኔ የቲ3 ጥሬ ዕቃ ብቻ አድርጌ ስቆጥረው የኖርኩት ባለ አራት አዮዲኑ ቲ4 እዚህ ላይ ከቲ3 ይልቅ አጥብቆ መያያዙ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሞች አንዱ ሌላውን በፎስፌት እየቀሰቀሱ መልእክቱን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። መልእክቱ ዞሮ ዞሮ ኒውክለስ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሁለቱን መንገዶች በአጥር መለየት አይቻልም፤ ይህን ለራሴ መጽናኛ ያህል ልጨምረው።

ይበልጥ ያሸነፈኝ ግን የአስትሮሳይት ነገር ነው። እነዚህ የአንጎል ሴሎች ሆርሞን በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ሲያድጉ ቅርጻቸውን የሚደግፉት የአክቲን ክሮች ይበታተናሉ፤ ቲ4 ሲጨመርላቸው፣ አዲስ ፕሮቲን ሳይጠብቁ፣ ክሮቹ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሰው ይሰደራሉ። ከቲ4 ላይ አንድ አዮዲን ከሌላ ቦታ ሲነሣ የሚገኘውና በጂን ላይ ይህ ነው የሚባል ኃይል የሌለው ተገላቢጦሹ ቲ3 ያንኑ ሲያደርግ፣ በኒውክለስ ውስጥ ጌታ የሆነው ቲ3 ግን አያደርገውም። ይህን ካነበብኩ በኋላ የድሮ ማስታወሻዬን ገልጬ ቲ4ን «ቦዘኔ» ያልኩበትን መስመር ሰረዝኩት።

ሆርሞኑ የደም ሥሮችን በፍጥነት ስለማላላቱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። በአክቲኑ ላይ የምትቃወመው ካለ ጻፍልኝ፤ አሁን ሦስት ዓመት አላስጠብቅህም።

ወዳጅህ