ለዓይን ካሮት ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለጤና ዓምድ አዘጋጆች፣

ስለ ዓይን ሲነሳ ሁሉም ሰው ካሮት ካሮት ይላል። ካሮት ጥሩ ነው። በውስጡ ያለውን ቤታ ካሮቲን ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል፣ ቫይታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን ደግሞ ዳፍንት ይይዘዋል፣ ሲብስም ዓይኑን እስከማጣት ይደርሳል። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳይታክቱ አስተምረውናል። ስለ ጎመን ግን ማን ያወራል? እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ጎመንና ቆስጣ ውስጥ ሉቲንና ዚያዛንቲን የሚባሉ ቢጫ ቀለሞች አሉ (አረንጓዴው ስለሸፈናቸው ነው የማይታዩት)። ሰውነታችን አይሠራቸውም፣ ከምግብ ነው የሚያገኛቸው። ከዚያ ማኩላ ላይ ያከማቻቸዋል፤ ማኩላ ማለት ከዓይናችን በስተኋላ ያለች፣ ስናነብና የሰው ፊት ስንለይ የምንጠቀምባት ትንሽ ቦታ ናት። እዚያ ሆነው ሰማያዊውን ብርሃን እንደ ፀሐይ መነጽር ያጣራሉ።

አንጎልም ይወስዳቸዋል። በጨቅላ ሕፃን አንጎል ውስጥ ካሉት ካሮቲኖይዶች (ሉቲን፣ ዚያዛንቲንና ቤታ ካሮቲን የሚገኙበት የቀለም ቤተሰብ) ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሉቲን ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ በማህፀን ከእናቱ ደም፣ ከተወለደ በኋላ ከጡቷ ወተት ያገኘዋል። ታዲያ አራስ ስንጠይቅ ገንፎና አጥሚት ብቻ ለምን? ጎመንም ይቅረብላት እንጂ!

ወደ አዛውንቶቹ ልምጣ። አሬድስ 2 የተባለው የአሜሪካ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ሲወጣ፣ ማኩላቸው መጎዳት ለጀመረ ሰዎች በሚሰጠው ክኒን ውስጥ በቤታ ካሮቲን ፈንታ ሉቲንና ዚያዛንቲን እንዲገቡ አደረገ፤ ምክንያቱም ቤታ ካሮቲን በክኒን መልክ ሲወሰድ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ይጨምራል። ክኒኑ ጉዳቱ እንዳይባባስ ያዘገያል እንጂ አያድንም። እዚያው ጥናት ላይ የማስታወስ ችሎታቸውም ተለክቶ ነበር፣ ሉቲኑ የረባ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ "ለአእምሮ" እያሉ ውድ ክኒን ለሚሸጡላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። አንጎል በልጅነት ሲገነባም ሆነ ዕድሜ ልክ ሲጠበቅ በየዕለቱ የሚበላው ምግብ ድርሻ አለው።

አሠራሩም ወሳኝ ነው። እነዚህ ቀለሞች ያለ ቅባት አንጀት ውስጥ በደንብ አይመጠጡም፣ በውሃ ብቻ የተቀቀለ ጎመን ለዚህ ብዙ አይጠቅምም። በጾም ዘይት ጠብ ይደረግበት፣ በፍስክ የእንቁላል አስኳል ይጨመር፤ አስኳሉ ራሱ ሉቲን አለው፣ ከነቅባቱ ስለሚመጣም በደንብ ይመጠጣል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን ጎመን በድንገት ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

እባካችሁ ለዚህ ጉዳይ አንድ ገጽ ስጡት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡሮችና ልጅ ለሚያሳድጉ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ