ማብላያው ቢቆምም ሙቀቱ አይቆምም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓኑ የፉኩሺማ የኒውክሌር ኃይል ጣቢያ ላይ «የኒውክሌር ማብላያው ፈነዳ» ተብሏል። የፈነዳውስ የሃይድሮጅን ጋዝ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ በሥራ ላይ የነበሩት ማብላያዎች ወዲያው ቆመዋል። ችግሩ፣ ከቆሙም በኋላ ከሙሉ ሙቀታቸው 6 በመቶ ያህሉ ይቀራል፤ አንድ ሰዓት ቆይቶም 1.5 በመቶ ገደማ። ሱናሚው ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ ማቀዝቀዣው ተቋረጠ፤ ውሃው ተንኖ ነዳጁ ተጋለጠ። 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ዚርኮኒየም ከተባለ ብረት የተሠራው የነዳጁ ሽፋን ከእንፋሎት ጋር ሲዋሃድ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ውህደቱ ራሱ ሙቀት ስለሚጨምር እየባሰበት ይሄዳል። አራተኛው ማብላያ ውስጥማ ነዳጅ እንኳ አልነበረም! ሕንጻውን ያፈነዳው ከሦስተኛው በጋራ ቱቦ የመጣ ጋዝ ነው።

ስምጥ ሸለቆ ላይ ለምንኖር ሰዎች፣ የኒውክሌር ጣቢያ ይሠራ ቢባል፣ «መንቀጥቀጡን ይችለዋል ወይ?» ብቻ በቂ ጥያቄ አይደለም። መብራት ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ውሃውን የሚገፋው ምንድን ነው? ሃይድሮጅኑን ያለ መብራት ወደ ውሃ የሚቀይሩ፣ ፕላቲነም የተቀቡ ዝርግ ብረቶችስ ይገጠማሉ?

ከአዳማ