ለእማዬ፦ ስለ ጓሮው ጉዳይ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። «ጓሮውን ትቼ ሣር ላብቅልበት» ያልሽውን በስልክ እንዳልመልስልሽ ግማሹ ይረሳል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ትንሿ ታንብብልሽና ማድ ቤቱ በር ጀርባ ትለጥፈው።

እኔ የምልሽ ጓሮውን ሳይሆን ቲማቲሙን ተይው ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ቲማቲምና ቃሪያን ለመጨረስ አንድ እንዲህ ያለ ሌሊት ይበቃል። ውርጩን በክረምት ልሽሽ ቢሉ ደግሞ ምች የሚሉት ቅጠል የሚያጠቁር የዝናብ ጊዜ በሽታ አለ። ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ እንደ ልብ የሚገኝን ነገር እዚያ ብርድ ላይ ላሳድግ ብሎ መድከም ምን ይሉታል? ቀይ ሽንኩርቱንም ለምንጃሮች ተይላቸው፤ ብርድ ሲበዛበት ራስ መያዙን ትቶ አበባ ያወጣል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ግን ለኛ አገር የተፈጠሩ ናቸው። ካሮትና ጎመን ብርድ ሲነካቸው ስኳር ያጠራቅማሉ፤ የደጋ ካሮት ጥሬውን ሲበሉት የሚጣፍጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት መደቡ ይስተካከል። የኛ መረሬ (ጥቁሩ ጭቃማ) አፈር በክረምት ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ ዙሪያውን በድንጋይ መደገፍ ውሃ እንዳያቁር ይረዳል፤ ላንቺም እስከ መሬት ማጎንበሱን ያስቀርልሻል። ስፋቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በርጩማሽ ላይ ተቀምጠሽ ከዚህም ከዚያም በኩል መሐሉን መድረስ አለብሽ። በመደቦቹ መካከል አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር። ይህን አንቺ እንዳትነኪው፤ ለአንድ ቀን ጉልበት ያለው ልጅ ይቀጠርና ይጨርሰው። ሦስት መደብ ይበቃሻል፤ ከዚያ በላይ አረሙ ያሸንፍሻል።

የበግ በጠጥ በሽ በሽ ነው፤ ትኩሱን ግን አትጨምሪ። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል፣ ካሮትን እንደ ሰው እግር ለሁለት ለሦስት ይከፍለዋል። ከገለባና ከማድ ቤት ጥራጊ ጋር ይከመር፣ እርጥብ ይሁን፣ በየወሩ ይገላበጥ። ከሦስት አራት ወር በኋላ ጠቁሮ የፍግ ሽታው ሲጠፋና አፈር አፈር ሲሸት ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ባልዲ ይበቃል። ለካሮት መደብ ግን የዘንድሮውን ሳይሆን ዓምና ፍግ የበላውን መሬት ምረጪ።

ዘር ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ገበያ ላይ በማንኪያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ዘር የስንት ዓመት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የሽንኩርት ዘር ከዓመት በኋላ ይደክማል፣ የካሮት ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል፣ የጎመን ከዚያም ይበልጣል። ሳትዘሪ በፊት 20 ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ በትኚ፣ ጠቅልለሽ በፌስታል አድርጊና ምድጃው አጠገብ አኑሪው። ጎመን በአምስት ቀን፣ ካሮት በሁለት ሳምንት ይታያል። ከግማሽ በታች ከበቀለ ለዶሮ ስጪው።

ካሮት ችግኙ አይዛወርም፣ እዚያው ይዘራል። አፈሩን ስንዝር ተኩል ያህል ቆፍረሽ ጓልና ጠጠሩን አውጪ። ጣት በሚያህል እርቀት ሳይሆን በስንዝር እርቀት መስመር አውጪ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ በትኚ። ላዩን በመረሬው አትሸፍኚው፣ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል፤ በተነፋ የበሰለ ፍግ ሸፍኚው። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሺው። ብርድ ላይ ለመብቀል እስከ ሦስት ሳምንት ይፈጅበታልና ብዙ ሰው «አልበቀለም» ብሎ መልሶ የሚቆፍረው ያኔ ነው። የመጀመሪያው አረንጓዴ ክር ብቅ ሲል ጆንያውን በማግስቱ ሳይሆን ያኑኑ ቀን አንሺው። ጣት ሲያህል ውሃ አጠጥተሽ አሳሺው፣ በአንዱና በሌላው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ይቅር። እዚህ ላይ መራራት የለም፤ ያልሳሳ ካሮት ቅጠል እንጂ ሥር አይኖረውም። አናቱ ከአፈር ብቅ ካለ አረንጓዴ ይሆንና ይመራል፣ አፈር አልብሺው። በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ከተዘራ አራት ወሩ መጋቢት አጋማሽ ላይ ይሞላል፣ ለሁዳዴ ወጥ ይደርሳል ማለት ነው። የቀይ ሥር ዘር ደግሞ አንዱ ቅንጣት በውስጡ ብዙ ፍሬ ስላለው በቡድን ይበቅላል፤ አንዱን ትተሽ ሌላውን ንቀዪው።

ጥቅል ጎመን ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በማታ፣ በአንድ ክንድ እርቀት ይተከላል። በማግስቱ ግንዱ ከአፈሩ ልክ በቢላ እንደተቆረጠ ወድቆ ካገኘሽው ቆራጭ ትል ነው። አፈሩን በጣትሽ ጫር ጫር ስታደርጊ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛለሽ፤ ለዶሮዋ ስጫት። ለሌሎቹ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንደ ቀለበት ቆርጠሽ ግማሹን አፈር ውስጥ አስጥመሽ ችግኙን አልብሺው። ራስ ከያዘ በኋላ ደግሞ ሲደርቅ ከርሞ በአንዴ ብዙ ውሃ ከጠጣ ይሰነጠቃል። ሊሰነጠቅ የደረሰውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ሩብ ዙር ያህል ጠምዝዢው፣ የተወሰነው ሥር ይበጠስና ውሃ መሳቡ ይቀንሳል፤ ጥቂት ሳምንት ይቆይልሻል።

የጎመኑ ዋና ጠላት ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው። ቅጠሉ ሲሸበሸብ ገልብጠሽ እዪው፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ነገር ካለ እሱ ነው። መጀመሪያ በጣትሽ ጨፍልቂው። ከበዛ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ በማታ ከቅጠሉ ሥር እርጪ፣ በአምስት ቀን ድገሚው። ኦሞ ግን አይሆንም፣ ቅጠል ይለበልባል። ሳሙናው የሚነካውን ብቻ ነው የሚገድለው፤ ላይ ላዩን ከረጩት ልፋቱ ከንቱ ነው።

ድንች ውርጭ አይችልም፣ በክረምት ደግሞ ምች ያገኘዋል። በመካከል አንድ በር አለ፦ የካቲት መጀመሪያ ተክለሽ በግንቦት መጨረሻ ማውጣት። የእንቁላል መጠን ያለውን ዘር ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው ግን ብርሃን ባለበት ስፍራ አብቅዪው፣ ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ በጨለማ ያደገው ነጭና ቀጭን ነው፣ ሲነኩት ይሰበራል። ጉደኔና በለጠ ጥሩ ዝርያዎች ናቸው። በ30 ሳንቲ ሜትር እርቀት ተክለሽ ስንዝር ሲያህል አፈር አስታቅፊው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሚው፤ ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አይበላም። ዝናብ ቀድሞ ከመጣና ቅጠሉ ጠርዙ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ካወጣ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አጭደሽ ከጓሮው አርቂው። ድንቹን ግን ሁለት ሳምንት አፈር ውስጥ ተይው፣ ወዲያው ብታወጪው በሽታው ይጋባበታል።

ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ትልልቁ ፍሬ ብቻ ይተከላል፣ በአንዱና በሌላው መካከል 10 ሳንቲ ሜትር። ከታች ጀምሮ ቢጫ የሆነውን ሳብ ስታደርጊው ያለ ትግል ከመጣና ሥሩ ላይ እንደ ጥጥ ነጭ ነገር ከጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ጋር ካየሽ አቃጥይው፣ ከፍጉ ክምር እንዳይገባ። ይህ በሽታ መሬት ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል፤ ያ መደብ ላይ ከእንግዲህ ነጭም ቀይም ሽንኩርት አይተከልም። የሚያናድደኝ በሽታ ይሄ ነው፣ መድኃኒቱ መሸሽ ብቻ ነውና።

ስለ ውርጩ፦ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። የጓሮው የታችኛው ጥግ ሁሌ የሚጎዳው የድንጋይ አጥሩ አየሩን ስለሚያግተው ነው፤ ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት ድንጋይ ይነሳና ማለፊያ ያግኝ። ችግኝና ሰላጣውን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንደ ቀስት ጎብጦ በተተከለ ዘንግ ላይ በጆንያ ሸፍኚ፣ ጆንያው ቅጠሉን አይንካ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንሺው። ውሃም በጠዋት እንጂ በማታ አታጠጪ፤ የጠጣ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛል፣ የረጠበ ቅጠል ግን ይጎዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን መሸከም ይቅር፤ ባለ 5 ሊትሩን ክዳኑን በምስማር ብሱት፣ በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሁለት ጀሪካን ይበቃል። ላዩን ገለባ ከለበሰ ደግሞ ያነሰም ይሆናል።

የካሮትና የቀይ ሥሩን ዘር ወደዚያ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ፤ የድንቹን ዘር ግን እዚያው ከሚያመርቱት ግዢ። መደቡ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ካላለቀ ደውይልኝ፣ ቆፋሪውን እኔ አነጋግረዋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ