«ተጥሏል» የተባለው የፍሬን ቱቦ

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሁለት ቱቦ ዋጋ ተከፍሎ አንድ ብቻ ስለተቀየረበት የፊት ፍሬን

ስለ 1972 እ.ኤ.አ. ሥሪቱ ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 ሞተር ሳይክሌ የጥገና ፋይሉ እናንተው ጋ ስላለ ከመነሻው አልተርክም። ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩም መዝገባችሁ ያውቀዋል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ማክሰኞ ኅዳር 10 በመቀበያችሁ የተሰጠኝ መልስ ነው።

በሥራ ማዘዣው ላይ በራሳችሁ እጅ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «የፊት ፍሬን የላይና የታች ቱቦ ይቀየራል፤ አሮጌዎቹ ለባለንብረቱ ይመለሳሉ።» ጥቅምት 22 ሞተሩን ስረከብ በፌስታል የተሰጠኝ አሮጌ ቱቦ አንድ ነው። ሁለተኛውስ ብዬ ብጠይቅ «እሱ ተበጣጥሶ ነበር፣ ተጥሏል» ተባልኩ። ደረሰኙም «የፍሬን ቱቦ፣ ብዛት 2» ይላል፤ አመንኩ፣ ከፈልኩ። ተጥሏል የተባለውን ቱቦ ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ እዚያው ሞተሩ ላይ፣ በነበረበት ቦታ ተንጠልጥሎ አገኘሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ይህንኑ ለማሳየት ስመጣ፣ መቀበያው ላይ የነበረው ወጣት ወጥቶ ሞተሩን ማየት አልፈለገም። ከወንበሩ ሳይነሣ «ፋዘር፣ ፍሬኑ ይይዛል አይይዝም?» አለኝ። ይይዛል አልኩት። «ታዲያ ምን ታካብዳለህ?» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በአንተ መጠራቴን ልተወው፤ ፋዘር ያሉትን ሰው አንተ ማለት የዘመኑ ወግ ከሆነ የማቆመው እኔ አይደለሁም። ጥያቄው ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው። የዚህ ፍሬን ችግር አለመያዙ ሳይሆን ከያዘ በኋላ አለመልቀቁ ነው። የፍሬን ሥራ ተቀብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ቤት መቀበያ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት ሊያውቅ ይገባ ነበር።

እሱ ስላላየው እዚህ ልጻፈው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ፣ የፍሬን እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ጎማው በእጅ አልዞር ይላል። ይህን የሚያመጡት በአብዛኛው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ውስጥ የተጣበቀ ፒስቶን፣ ማስተሩ (እጀታው ሥር ያለው ዘይት ገፊ) ውስጥ በቆሻሻ የተደፈነ የመመለሻ ቀዳዳ፣ ወይም ከውስጥ ያበጠ ቱቦ። ለመለየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማስተሩ ላይ ያለው ባንጆ ብሎን (ቱቦውን የሚያስረው፣ ዘይት በውስጡ የሚያልፍበት ብሎን) ላላ ሲደረግ ጎማው ቢለቅ ጥፋቱ የማስተሩ ነበር፤ አልለቀቀም። ቀጥሎ ካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ሲከፈት ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ዞረ። ፒስቶኑ ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ይህም ባላስለቀቀው ነበር። ስለዚህ ግፊቱ ታፍኖ የቀረው በሁለቱ መካከል ነው።

የትኛው ቱቦ ውስጥ እንደሆነ ደግሞ የኋላው መብራት ይናገራል። በዚህ ሞተር የፊት ፍሬን የመብራት ማብሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ሲሆን፣ የተተከለውም ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት ባለሦስት መንገድ ማገናኛ ላይ ነው። እጀታው ሲለቀቅ መብራቱ ይጠፋል፣ ጎማው ግን እንደተያዘ ይቀራል። ማገናኛው ላይ ግፊት የለም፣ ከሱ በታች ግን አለ ማለት ነው። ያበጠው የታችኛው ቱቦ ነው፤ ተጥሏል የተባለው።

በዓይንም ይታያል። የታችኛው ቱቦ ወደ ካሊፐሩ ከሚሄደው የብረት ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ዳዶ ዙሪያ ያለው የቆየ ዝገት ጨርሶ አልተነካም። ቁልፍ አርፎበት ቢሆን ጠርዙ ላይ ጭረት፣ ጥርሱ አፍ ላይ የተሰነጠቀ ዝገት ይታይ ነበር። ቱቦው ጎንበስ ሲደረግ ላዩ በሙሉ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ለምን እንደተተወ መገመት አይከብድም። ሃምሳ ዓመት የተቀመጠ ዳዶ በተራ ቁልፍ ከተጎተተ ጠርዙ ይሞለጫል፣ ቧንቧውም አብሮ ይጠመዘዛል። የዝገት ማላቀቂያ ረጭቶ ማሳደር፣ በማግስቱ ዳዶውን ዙሪያውን አቅፎ በሚይዝ የቧንቧ ቁልፍ መፍታት ነው ሥራው። አልፈታም ካለ ደግሞ ስልክ አለ፤ «አልወጣልንም» የሚል አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደው የቱቦው ምርጫ ነው። ማስተሩ መሪው ላይ፣ ማገናኛው ደግሞ የመሪው የታችኛው ድልድይ (ሁለቱን የፊት አሞርዛተሮች አቅፎ የሚይዘው ብረት) ላይ ስለታሰሩ መሪው ሲታጠፍ አብረው ይዞራሉ፤ የላይኛው ቱቦ እምብዛም አይንቀሳቀስም። የታችኛው ግን አንድ ጫፉ ድልድዩ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ከአሞርዛተሩ ጋር ወደ ላይ ወደ ታች የሚሄድ ነው። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የከተማችንን ጉድጓድ መቼም አትነግሩኝም። የሚለፋው ቀርቶ የሚያርፈው ተቀየረ ማለት ነው።

«አሮጌ ሞተር ያው ነው» የሚል ነገርም ከመካኒካችሁ ሰምቻለሁ። ይህ የሞተር ዓይነት በ1969 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲወጣ ያስደነቀው በዘይት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬኑ ነው። በእርጅና አይመካኝ።

ነገሩ ከተነሣ አይቀር ሌሎቹንም ልጨምር። መጀመሪያ ያመጣችሁት ባንጆ ብሎን ኤም 10 በ1.0 ነበር፤ የዚህ ማስተር ጥርስ ኤም 10 በ1.25 ነው፤ ውፍረታቸው እኩል 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ የጥርሳቸው ርቀት ይለያያል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ይጠብቃል፣ በጉልበት ከታሰረ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይጨርሰዋል። «ትንሽ ገፋ ቢደረግ ይገባል» ሲባል እዚያ ባልቆም ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማስተር ዋጋ ነበር። በዚያው ብሎን ግራና ቀኝ መግባት ያለባቸው ሁለት የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ አይደሉም፤ የድሮዎቹ ተጨፍልቀው እንደገና ገብተዋል፣ በዳርቻቸውም ዘይት ያላባቸዋል። የድሮን መዳብ በእሳት አቅልቶ ማለስለስ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያንንም አላደረጋችሁም፣ ለአዲስ ግን አስከፍላችኋል። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር የፍሬን ዘይትም ተቆጥሮብኛል፤ ይህን ፍሬን አጥቦ ለመሙላት አንዱ ጠርሙስ ይተርፋል። በዚያ ላይ የተቀዳው መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ከነበረ ጠርሙስ ነው። ዶት 4 የተባለው ይህ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ደረቅ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ የማይፈላው፣ ውኃ ሲገባበት መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ፣ የማይለቅ ሸራ ዲስኩን እያጋለ፣ እንዲህ ያለ ዘይት ቢፈላ እጀታው ባዶውን መሪው ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ «ይይዛል አይይዝም» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ይሆናል።

የቤንዚን ታንከሩ ቀለም ላይ የፍሬን ዘይት ተንጠባጥቦ ሁለት ቦታ ላይ አሻክሮታል። ጨርቅ ይሸፈን ብዬ ነበር። 

አሁን የምጠይቀው ይህ ነው። የታችኛው ቱቦ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየር። ዳዶው ሲፈታ ቧንቧው ከተጎዳ እሱም ይቀየር። ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ ባንጆ ብሎኑ በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይታሰር። ዘይቱ ፊቴ ከሚከፈት የታሸገ ዶት 4 ይሞላ። አየሩ ከወጣ በኋላ እጀታው እንደተጨበጠ ታስሮ ይደር፤ ማስተሩ አፍ ላይ የምትቀረው አረፋ በአንድ ቀን ጭብጨባ አትወጣም። ቱቦው አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ እንዳይወጠር፣ ተጨቁኖም ጎማውን እንዳይነካ ይታይ። በመጨረሻም ካሊፐሩ ክንድ ላይ ያለው ማስተካከያ ብሎን ጎማው በነጻ እስኪዞር ይስተካከል፤ ይህን ከነጭራሹ የነካው ያለ አይመስልም።

ከዚህ ሌላ ያላወጣችሁት የአንድ ጠርሙስ ዘይትና የሁለት ሮንዴላ ሒሳብ ይመለስልኝ፣ የታንከሩንም ቀለም አስጠግኑ። ደብዳቤውን ስጀምር ቱቦው ብቻ ይበቃኛል ብዬ ነበር፤ ደረሰኙን ደግሜ ሳነብ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

እስከ ኅዳር 20 በጽሑፍ ምላሽ ካላገኘሁ የሥራ ማዘዣውን፣ ደረሰኙንና ያልተነካውን ዳዶ ፎቶ አያይዤ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለከተማው ንግድ ቢሮ አመለክታለሁ። ምላሹ ከእርስዎ ከሥራ አስኪያጁ እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመቀበያው የሚመጣውን ሰምቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሞተሩ ባለቤት

አባሪ፦ የሥራ ማዘዣ ቅጂ፣ የደረሰኝ ቅጂ፣ 4 ፎቶግራፎች