እቴቴ ያንቺን ጉርሻ እምቢ አትልም

ደሴ፣ ማክሰኞ ማታ

ይድረስ ለጸሐፊዋ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ አላህ ይመስገን ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን፣ ብዬ ልጀምር ነበር። እንደ ድሮው። ግን ደህና አይደለንም።

አንቺስ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? የላክሽልኝን ሁሉ አይቻለሁ፤ የኢዱንም፣ የልጅሽን የምርቃት ፎቶም። አይቼ ዝም አልኩ። በቃ ይቅር በይኝ፣ ስትመጪ ትሰድቢኛለሽ። ስትመጪ ያልኩት አምልጦኝ አይደለም፤ የምጽፍልሽ ለሱ ነው። ቆይ ግን፣ ከመነሻው ልንገርሽ።

የፓዌው ጋሽዬ አረፈ፤ የእናቴ የእቴቴ ታናሽ ወንድም።

ወር ሊሞላው ነው። ልጁ ናት ደውላ የነገረችኝ። ጉበቱን ነው አሉ፤ ብዙም አልተኛ። ስልኩን ያነሳሁት ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ነው፣ እቴቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እያየችኝ። «ማነው?» አለችኝ። «መሥሪያ ቤት ነው» አልኳት። እርጥቡን አንሶላ ፊቴ ላይ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ አሰጣሁት። እስካሁን አልነገርናትም።

ለምን እንዳልነገርናት ይገባሽ ዘንድ የእግሯን ነገር ማወቅ አለብሽ። ስኳሩ እግሯን አደንዝዞታል። ክረምት ላይ ቡና ስታፈላ ፍም ከምድጃው ወድቆ እግሯ ሥር ገባ። አልተሰማትም። የሸተተን እኛን ነው። ቁስሉ አልሽር ብሎ ከረመና ሁለት ጣቷን ቆረጧት። ታውቂያት የለ፣ ከሐኪም ቤት ስትወጣ «ጫማው ሲጠበኝ ኖሮ አሁን ሰፋልኝ» አለች። ሹፌሩ መሳቅም ማዘንም አቃተው።

አሁን ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ነው። የምወጋት እኔ ነኝ። መብራቱ እንደ ፈቀደው ስለሚሄድ ፍሪጁን አላምነውም፤ ብልቃጦቹን እርጥብ አሸዋ ላይ ባስቀመጥኳት ትንሽ ገንቦ ውስጥ ነው የማኖራቸው። የደሴ ብርድም ለዚህ ያግዛል። ቡናዋን እንደ ሀገር ቤት ወደ ጨው መልሳው ነበር። ነርሷ «ግፊት አለብዎት፣ ጨውም ይቅር» ስትላት፣ «ታዲያ አመድ ላድርግበት?» አለቻት። እንዲህ ናት። አፏ ደህና ነው። ቁስሉ ግን ገና ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ።

ጋሽዬ ጆሮው ከደከመ ወዲህ ስልክ ለሁለቱ አልሆነም። ወባ እየደጋገመው የዋጠው ኪኒን ነው ጆሮዬን የወሰደው ይል ነበር። ስለዚህ ወደ ደብዳቤ ተመለሱ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለልጁ እሰዳለሁ። እሱ ራሱ ያነበዋል። የመሠረተ ትምህርት ምሩቅ አይደል? መልሱን በእጁ ይጽፍና ልጁ ፎቶ አንስታ ትልካለች። «ለምን በቀጥታ ስልኩ ላይ አልጽፈውም?» ብላት፣ «ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ቃሌ አይቀመጥም» አለችኝ። ወረቀቶቹን በሙሉ ከድሮዎቹ ጋር ያችው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምትከታቸው። በቀደም ከፈትኳት። ግማሹ ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው። ያኔ የ«ለ»ን እግር እንዴት ነበር የምትጎትቺው!

የሰሊጡንም ነገር አገኘሁት። የረሳሁት እንዳይመስልሽ። እቴቴ ያላለችውን ጨምረሽ «እዚህ ሰሊጥ በዓይናችን ዞረ» ብለሽ ጻፍሽለት። ያ ምስኪንም ቋጥሮ በሰው ሰደደው። «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው ሰሊጥ የላከልኝ?» ስትል ወጥ ቤት ገብተን አፍ ለአፍ ተያይዘን የሳቅነው! እስከ ዛሬ አታውቅም። እኔ አልነገርኩም፤ የራስሽ ጉድ ነው።

መርዶው ከመጣ በኋላም ደብዳቤ አስጽፋኛለች። የጎረቤት ልጅ ማግባቱን፣ የሽንኩርቱን ዋጋ፣ ፒያሳ በኮሪደር ልማት መታረሷን። ስለ እግሯ ግን «ትንሽ አሞኝ ነበር፣ ተሽሎኛል በይው» አለች። ጣቶቹን እንዳልጽፍ አስጠነቀቀችኝ። «ይጨነቃል፣ እሩቅ ሀገር ነው ያለው።» ይገባሻል? እኛ ከሷ እንደብቃለን፣ እሷ ከሱ ትደብቃለች። እሱ ደግሞ የለም።

መልስ ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር አሰበች። ካቻምና ጀምሮ «ሳልሞት ና» ትለው ነበር። መንገዱ እንዴት እንደነበር ታውቂያለሽ፣ ከመተከል መውጣቱ ራሱ ጣጣ ነበር፤ አልመጣም። በመጨረሻው ደብዳቤ ቆጣ ብላ «እህት እንዳለህ ረሳህ» አስብላኛለች። አሁን «ተቀይሞኝ ነው» ትላለች። ትናንት ማታ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ወረቀት አስመጣችኝ። «ታናሼ ሆይ፣ የተናገርኩት በናፍቆት ነው፣ ለኔ ብለህ ይቅር በለኝ» ብለሽ ጻፊ አለችኝ።

ጻፍኩ። ፎቶ አነሳሁ። አጠገቤ ሆና «ሄደ?» አለችኝ። «ሄደ» አልኳት።

ላንቺ የምጽፍልሽ በዚያው እስክሪብቶ ነው። ትናንት እንቅልፍ የሚባል አልነካኝም።

ጅዳ ያለው ወንድሜ ቁስሉ እስኪሽር አይነገራትም ባይ ነው። እንዲያውም ምን አለኝ መሰለሽ? «አንቺው ጻፊና ከሱ መጣ ብለሽ አንብቢላት።» የጋሽዬን ደብዳቤ ማን አስመስሎ ይጽፋል? መጨረሻው ላይ ግጥም ሳያደርግ ዘግቶ ያውቃል? ቆርቆሮው ውስጥ የመጀመሪያዋ አለች፣ ከፓዌ የመጣችው፤ አድራሻዋ ላይ የመንደሩ ቁጥር ብቻ ያለባት። እቴቴ «ሀገር በቁጥር ይጠራል እንዴ?» ብላ ስታለቅስ ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ በሁለተኛው ላይ እንዲህ ብሏታል፦

መንደሬስ ቁጥር አለው፣ ይኸው ጻፍኩልሽ፣
ናፍቆቴ ቁጥር የለው፣ በምን ልንገርሽ።

ይህን አስመስሎ መጻፍ የሚችል ሰው ካለ አንቺ ነሽ። አትደንግጪ፣ አልጠይቅሽም። ለአንድ ሌሊት አስቤው ነበር እንጂ።

እኔ ግን ይነገራት ባይ ነኝ። ምክንያቴን ታውቂዋለሽ፤ የ77ቱን ነገር ስንቴ ቡና ላይ አብረን ሰምተነዋል? ልጅ ሆነን እንደ ተረት ነበር የምንሰማው። አሁን ሳስበው ግን ሌላ ነገር ይሆንብኛል። ያቺ የአራስ ቤት ሕፃን እኮ እኔ ነኝ። የእቴቴ ትልቅ እህት ባቲ መጠለያ ውስጥ በረሃብ ስትሞት እቴቴ እዚህ ደሴ እኔን ወልዳ ተኝታለች። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ወተቷ ይደርቃል ብለው ደበቋት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና ያ ሁሉ ሰው ባዶ ሆዱን በሚያድርበት ጊዜ ከየትም ብሎ ቅቤ ያመጣላት ነበር። «እህቴ እህል አጥታ ስትሞት እኔ ገንፎ በቅቤ እውጥ ነበር። እርሜን አበሉኝ» የምትለው ይህንን ነው። አባቴን እስኪሞት ድረስ ይቅር ያለችው አይመስለኝም። እሱ ደግሞ ምን ያድርግ? እኔን ነበር የሚያድነው። ይሄን ሳስብ ወንድሜም እውነት አለው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ተመልሼ አይሆንም እላለሁ።

የነገራት ማን ነበር? ጋሽዬ ነው። ለሰፈራ ተመዝግቦ ይሁን ተይዞ እሱንም በውል አልነገረንም፤ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት አምልጦ መጣና አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነገራት። ገና ጢሙ በወጉ ያልወጣ ልጅ! «ሌላው ሁሉ ሲያባብለኝ እንደ ሰው የቆጠረኝ እሱ ነው» ትላለች። አብረው አለቀሱ። ከዚያ ወሰዱት። እንግዲህ የዚያን ሰው ሞት ነው እኛ የምንደብቃት። ብታውቅ ምን ትለናለች? አንድ ቀን ደግሞ ማወቋ አይቀርም፤ ወይ ከፓዌ የሚመጣ ሰው ይነግራታል፣ ወይ የሰፈር ልጅ አምልጦት።

ፍርሃቴ ሌላ ነው። ቁስሏን የምታጥብላትን ነርስ ለብቻዋ አድርጌ ጠየቅኳት። ድንጋጤና ሐዘን ስኳሩን ሊሰቅለው ይችላል አለችኝ። «እሱን እንቆጣጠረዋለን። የባሰው መርፌውን ወግታችኋት እህል እምቢ ያለች እንደሆነ ነው። ይወርድና ራሷን ትስታለች።» በለቅሶ ቀን ደግሞ እቴቴ እህል ቀመሰች ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የአባቴ ጊዜ እኮ ውሃ እንኳን በግድ ነው ያጠጣናት። ያኔ ግን ጤነኛ ነበረች።

እኔ ባጎርሳት ፊቷን ታዞራለች። ልጇ ነኛ፣ ምኔ ይፈራል። ያንቺን ጉርሻ ግን እምቢ አትልም። እምቢ ማለት አትችልም። እናትሽ ያረፉ ጊዜ አፍሽን ከድነሽ ተኝተሽ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ነጠላዋን አገልድማ ገብታ ቀና ያደረገችሽ ማን ነበር? «እኔ እያለሁ እናቴ ሞተች አትበይ፣ ዋጪ» ብላ ዶሮ ወጡን ያጎረሰችሽ፣ እሷ ከክርስቲያን ቤት ሥጋ ሳትቀምስ? አሁን ተራው ያንቺ ነው። ይኸው ጠየቅኩሽ። ይሄን ለመጻፍ ነው ያን ሁሉ የዞርኩት።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። እሁድ ጠዋት። መጀመሪያ ስኳሯን እለካለሁ፣ ቁርሷን ትበላለች፣ መርፌዋን እወጋታለሁ። የቅሬው፣ የእድራችን ሽማግሌዎች እታች ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ሼኹ ቀድመው ይገባሉ፣ እሳቸውን ትሰማለች፤ ረመዳን እንዳትጾም ያሳመኗትም እሳቸው ናቸው። አንቺ ከጎኗ ትሆኛለሽ። ያልቅሱ፣ ታልቅስ፣ እርሟን ታውጣ። ከዚያ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራሽ ይጀምራል። ንፍሮውን ከላይ ቤት ያሉት እትዬ እንቀቅላለን ብለዋል። ሰደቃውን በሳምንቱ እናደርጋለን።

ወንድሜ «እናቴ አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው» ብሎኛል። እንዲህ ብሎ ስልኩን ዘጋው። አንቺስ ምን ትያለሽ? ተሳስተሻል ካልሽ ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ግን ስልክ ላይ አትንገሪኝ። መጥተሽ አይተሻት ንገሪኝ።

አብሽሪ በይኝ እስቲ። አዲስ አበባ ገብተሽ አብሽር ማለት ካልረሳሽ።

መንገዱን በመኪና አትምጪ፤ ወሬው አንድ ቀን ደህና ነው፣ አንድ ቀን አይደለም። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ውረጂ። ባለቤቴ ይቀበልሻል፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲነዳ አትጩሂበት እንጂ። ቅዳሜ ከገባሽ ይሻላል፤ እቴቴን «ለሥራ መጥቼ ነው» እንላታለን። ጥቁር ለብሰሽ እንዳትመጪ፣ ከበሩ ሳትገቢ ነው የምታውቀው። ነጠላሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። አንድ ነገር ደግሞ፣ የስኳር መለኪያው ስትሪፕ እዚህ ጠፍቷል፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የመለኪያውን ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ ለሱ የሚሆን ካገኘሽ ሁለት ፓኮ ያዢልኝ። ሂሳቡን ስትመጪ እንተሳሰባለን።

ያንቺው