ስለ እጅሽ ንገሪያቸው

የኔ እናት፣

ቅዳሜ የላክሮሱን፣ ያን መረብ ባለው ዱላ የምትጫወቱትን ጨዋታ ተሸንፋችሁ፣ ማታ ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «እማዬ፣ በቃ አለቀልን፣ ያስበላሁትም እኔ ነኝ» ብለሽ ዝም አልሽ። እኔም የምለው ጠፋኝና «አይዞሽ» ብቻ አልኩሽ። ያኔ ያልወጣልኝን አሁን ልጻፍልሽ። አላለቀም። አንቺም አላስበላሽም።

ጠዋት አክስትሽ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ተሸነፉ አሉ፣ ታዲያ ዓመቱ አበቃ ማለት ነው?» አለችኝ። ለእሷ ሳስረዳ ለራሴም ይበልጥ ገባኝ። ወደ ኤንሲኤኤው፣ ማለት ወደ አገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና የሚገባው 29 ቡድን ነው፣ መግቢያው ደግሞ ሁለት በር አለው። አንደኛውን የሚከፍተው ኮሚቴው ነው። የዓመቱን ውጤት፣ ማንን እንዳሸነፋችሁ፣ የገጠማችኋቸው ቡድኖች ምን ያህል ጠንካራ እንደነበሩ፣ ያን አርፒአይ የምትሉትን ስሌት ሁሉ እያየ ይመርጣል። ሁለት ጊዜ ስለተሸነፋችሁ ይሄኛው በር ጠቦባችኋል፣ አልዋሽሽም። ሁለተኛው በር ግን የኮንፈረንሳችሁን፣ ማለት የምትጫወቱበትን የዩኒቨርሲቲዎች ምድብ ዋንጫ ያነሳ ቡድን በቀጥታ የሚገባበት ነው። እዚያ ማንም ስሌት አይጠይቃችሁም። ዓርብ ግማሽ ፍጻሜ፣ እሁድ ፍጻሜ። ሁለት ጨዋታ ብቻ። አክስትሽ «ሁለት ጨዋታ ነው እንዴ የቀራቸው! እና ልጅቷ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?» አለች።

የቦስተን ኮሌጅን ልጆች አስቢያቸው እስቲ። 2017፣ 2018፣ 2019፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ፍጻሜ ደርሰው ሦስቱንም ተበሉ። የ2018ቱን ለጄምስ ማዲሰን 16 ለ 15፣ በአንዲት ጎል። በ2020 ኮሮና ውድድሩን አስቀረው። በ2021 ግን ሲራኪዩስን 16 ለ 10 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። የ2024ቱን ፍጻሜ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብለን አብረን ነው ያየነው። ኖርዝዌስተርን 6 ለ 0 ሲመራ ጊዜ እኔ ሳህን ላጥብ ብዬ ብነሳ ቀሚሴን ይዘሽ «ቁጭ በይ እማዬ፣ ገና ነው» አልሽኝ። 14 ለ 13 አለቀ፣ ለቦስተን ኮሌጅ። ጎረቤት እስኪሰማ ነው የጮህሽው።

«ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው» የምትይውንም ተይው። እውነት ነው፣ ዱላ የጨበጥሽው ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ ልጆቹ ገና መራመድ ሲጀምሩ ነው ላክሮስ የሚያስይዟቸው። ግን ኖርዝዌስተርን ቡድኑን እንደገና ያቋቋመው በ2002 ነው፣ በ2005 ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኟ ኬሊ አሞንቴ ሂለር የእኛው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የነበረች ናት። ከዚያ ከ2005ቱ ቡድን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ ላክሮስ ተጫውተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

ቅዳሜ ከጨዋታው በኋላ መኪና ማቆሚያው ጋ ውሃ ሰጠሁሽ። ጠርሙሱን በብብትሽ ያዝሽና ክዳኑን በግራ እጅሽ ከፈትሽው። አንቺ ግራኝ አይደለሽም። ቀኝ እጅሽ ጃኬትሽ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ሁሉንም ሰው ስትሰናበቺ አንዴም አላወጣሽውም። አባትሽ አላየም። እኔ አየሁ።

ማታ ተኝቼ ጨዋታውን መለስ ብዬ ሳስበው ነገሩ ተገጣጠመልኝ። «ድሮው» የምትሉት፣ ያ አንቺ የምትወጪለት የመሃል ሜዳ የኳስ ትግል፣ እኮ የእጅ አንጓ ሥራ ነው። ሁለታችሁ መሃል ላይ ትቆማላችሁ፣ ሁለቱ ዱላ ጀርባ ለጀርባ ይገጥማል፣ ኳሷ በመሃላቸው ትቀመጣለች፣ ፊሽካው ሲነፋ ያ ሁሉ ጉልበት በአንጓ ተጠማዞ ኳሷ ከራስ በላይ መውጣት አለባት። እስከ ሦስተኛው ሩብ ድረስ ኳሷ አንቺ ወደፈለግሽው ትወጣ ነበር። በአራተኛው ቀረ። ይሄ ጨዋታ ደግሞ እንደ እግር ኳስ ጎል ለገባበት ቡድን ኳስ አይሰጥም። ጎል በገባ ቁጥር እንደገና መሃል ላይ መታገል ነው። ስለዚህ ድሮውን የያዘ ቡድን ሦስት አራት ጎል አከታትሎ ሲያገባ የሌላው አጥቂዎች ቆመው ከማየት ሌላ የሚያደርጉት የለም። ቅዳሜ የሆነው ይኸው ነው። ችሎታሽ አልጠፋም የኔ ሆድ። እጅሽ ታሟል።

ለምን እንደደበቅሽው አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ከእኔ ነው የተማርሽው። አዛውንቶች ስንከባከብ ወገቤን ያመመኝ ጊዜ ሺፍት ይቀንሱብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ሳምንት ማረፍ የነበረብኝ ሰው ሦስት ወር ተኛሁ። አንቺ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርሽ፣ ካልሲዬን የምታጠልቂልኝ አንቺ ነበርሽ። ያን ነገር በአንቺ ላይ ማየት አልፈልግም።

ነገ ከልምምድ በፊት ወደ ቡድኑ ትሬነር፣ ጉዳት ወደሚያየው ባለሙያ ሂጂና እጅሽን አሳዪ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያምሽ፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚብስብሽ፣ ሳትቀንሺ ተናገሪ። አሰልጣኟ ዓርብ ድሮውን ለሌላ ልጅ ብትሰጠው ውርደት አይደለም። አንቺ የመሃሉ ክበብ ጠርዝ ላይ ቆመሽ የወጣችውን ኳስ መልቀም ትችያለሽ፣ እግርሽ ከሁሉም ይፈጥናል፣ ያንን ደግሞ የእጅ ሕመም አይወስደውም። ጭራሽ እንዳትጫወቺ ካሉሽም እሺ በያቸው። ያን ቀን ማታ ታለቅሻለሽ፣ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ። ግን ልጆቹ አልፈው ወደ ኤንሲኤኤው ከገቡ በግንቦቱ ጨዋታ የሚፈልጉሽ በደህና እጅ ነው።

እኔ ሺፍቴን ቀይሬያለሁ፣ ዓርብ በጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ እንነሳለን። ብትጫወቺም ባትጫወቺም እመጣለሁ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ ነው የምመጣው፣ ዓርብ ነው ብለሽ ደግሞ እንዳትጨነቂ፣ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ይበላል። ያቺ በረኛችሁ ባለፈው እንቁላሉን ወዳው ነበርና አሥራ አምስት እጨምራለሁ።

ከትሬነሩ ስትወጪ ደውይልኝ። ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ።

እናትሽ