«ይቺ 24 የት ገባች?» ላሏት መምህር

የተከበሩ መምህር፣

ስሜ እንዳይጠራ ብለው ስለለመኑኝ አልጠራዎትም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናን አለፈች። ከ600፣ 347 አመጣች። ውጤቱን በስልክ ያየነው ሌሊት ነው፤ ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ። በእልልታዬ ጎረቤቶቼ ከእንቅልፋቸው ነቁ።

በ2015 ስትወድቅ ቤታችን የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ያኔ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ብነግራትም አልተጽናናችም። ቀደም ሲል አንድ አስጠኚ «ሂሳብ ላንቺ አልተፈጠረም» ብሏት ነበር። ያን ቃል ይዛ ደብተሮቿን ካርቶን ውስጥ ከትታ አሰረቻቸው።

እርስዎ 9ኛ ክፍል ነው ያስተማሯት። መውደቋን ሰምተው ሽምብጥ ድረስ በሳይክል መጡ። ማንም አልጠራዎትም። እኔ በረንዳ ላይ ለገበያ የማወጣውን የቀረሶ ዓሣ ቅርፊት እየፋቅኩ ነበር። አንድ ጥያቄ ሰጧት። ሁለት ፊደላት በቅንፍ ውስጥ ተደምረው፣ ድምሩ በራሱ ይባዛል። ልጄ እያንዳንዱን ፊደል በራሱ አባዝታ ደመረችና ጨረስኩ አለች። «ተሳስተሻል» አላሏትም። «እስቲ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» ብለው እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ በፊደሎቹ ቦታ 3 እና 4 አስገቢ አሏት። በእሷ መንገድ 25 መጣ። 7 በ7 ግን 49 ነው።

ያን የታሰረ ካርቶን ፈትተው ክዳኑን በምላጭ ቆረጡ። ጎኑ 7፣ 7 የሆነ አራት ማዕዘን አወጡና በእስክሪብቶ ከፋፈሉት። አንዱ ክፍል 9፣ ሌላው 16። ሁለት ቁራጮች ተረፉ፤ እያንዳንዳቸው 12። «ይቺ 24 የት ገባች?» አሏት። ቁራጮቹን እያገላበጠች ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ! ከ6ኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔም ቢላዋዬን እንደያዝኩ ገባኝ።

ጥሩ መምህር ማለት ብዙ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ብዙ የሚያውቁማ ሞልተዋል። እርስዎ ስሕተቷ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ፈለጉት። ደብተሯ ላይ ኤክስ አያደርጉም፤ የሳተችበትን መስመር ብቻ ከበው ይመልሱላታል። አንድ ቀን የጠየቀችዎትን «እሱን አላውቀውም፣ እሑድ ይዤ እመጣለሁ» አሏት። ይዘው መጡ። ልጄ አላውቅም ማለት እንደማያሳፍር የተማረችው ያን ቀን ነው።

እልልታዬን የሰማ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ልጄን ጎበዝ አሏት። ማን አስተማራት ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። ይህ አንገበገበኝ። ግንቦት 2016 አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ሁላችንም ስለ ድልድዩ አወራን። 380 ሜትር ነው፣ ያምራል። ያን ላሰሉት መሐንዲሶች የሆነ ክፍል ውስጥ ያቺን 24 ያሳያቸው መምህር ነበረ። የእናንተ ሥራ የሚታየው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም በሌላ ሰው ስም። ደሞዙ ደግሞ ወሩን አያደርስም።

ፔዳ የምንለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ስሙን ያገኘው ከፔዳጎጂ፣ ከማስተማር ጥበብ ነው። መምህር ሊያሠለጥን ከተከፈተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚሁ ከተማ እየኖርን ግን አንድ ልጅ መምህርነት ደረሰኝ ሲል «አይዞህ፣ ትቀይራለህ» እንለዋለን። እኔም ለእህቴ ልጅ ብያለሁ። ይቅር ይበለኝ።

መምህር እንደ ሻማ ነው፣ እየቀለጠ ያበራል ይባላል። ይህን አባባል አልወደውም። ሲቀልጥ ቆመን እንድናይ የተፈቀደልን ያስመስላል። እርስዎ ደብተር ሲያርሙ የሚያመሹ፣ ልጆች የሚያሳድጉ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰው ነዎት። አሥር ወር ሙሉ እሑድዎን የሰጡን ከእነዚያ ልጆች ላይ ቀንሰው ነው። ባለቤትዎን ከልቤ አመሰግናለሁ። እኔ ልጄን ለፈተና ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ስሸኝ ሱቄን ለጠበቁልኝ ጎረቤቶቼም እግዜር ይስጥልኝ።

ገንዘብ ስሰጥዎ «ስታልፍ እንተሳሰባለን» ብለውኝ ነበር። አልፋለች። የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከነቤተሰብዎ እንጠብቅዎታለን። ቀረሶው ይጠበሳል፣ ቡናው ይፈላል። ታናሽ ወንድሟም 7ኛ ክፍል ገብቷል፤ ካርቶኑን ደብቆ ይዞታል፣ የሚጠይቅዎት ነገር አለው።

የተማሪዎ እናት፣
ከባሕር ዳር